ፍሮንቲ-ፎርድ በኢንዲያናፖሊስ፦ የአንድ ቴስታታ ቅየራ የጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 1923 በተካሄደው የኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል ውድድር ከአንደኛ እስከ አራተኛ የገቡት መኪኖች በሙሉ የሃሪ ሚለር ሞተር ነበራቸው፦ ስምንት ሲሊንደር፣ ከላይ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ)፣ ከመጀመሪያው ብሎን ጀምሮ ለእሽቅድምድም ተብሎ የተሠራ። አምስተኛ የገባው መኪና ግን በፎርድ ሞዴል ቲ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ የአሜሪካ ገበሬ እህል የሚጭንበት፣ ቄስና ሐኪም የሚመላለስበት ያው ቲ። ኤል. ኤል. ኮረም 200ውን ዙር በሰዓት በአማካይ 82.58 ማይል ጨረሰ፤ 133 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አሸናፊው ቶሚ ሚልተን በ90.95 ማይል ገባ። በሰዓት ሲቆጠር ልዩነቱ 33 ደቂቃ ገደማ ነው። ከፎርዱ ኋላ የቀሩት እነማን እንደነበሩ ማየት ግን ይበልጥ ይገርማል፦ አየር በግፊት የሚያስገቡት መርሴዲሶች፣ ከፈረንሳይ የመጡት ቡጋቲዎችና አንድ ዱዘንበርግ።

መኪናዋ የገባችው ባርበር-ዋርኖክ በተባለ የኢንዲያናፖሊስ የፎርድ ሻጭ ስም ነው። ልዩ ያደረጋት የሞተሩ ጭንቅላት፣ በጋራዥ አማርኛ ቴስታታው፣ የሉዊስና የአርተር ሼቭሮሌ ሥራ ነው። ወንድማማቾቹ ፍሮንቴናክ በሚል ስም፣ በአጭሩ ፍሮንቲ፣ ለቲ የሚገጠም ቫልቮቹ ከላይ የሆኑ ቴስታታ ያመርቱ ነበር፤ ንድፉ የመሐንዲሱ የኮርኔሊየስ ቫን ራንስት ነው። የቤተሰባቸው ስም በፎርድ ዋና ተፎካካሪ መኪና ግንባር ላይ ተለጥፎ ሳለ፣ እነሱ የፎርድን ሞተር እያሻሻሉ ይኖሩ ነበር።

ከዚህ በታች የምናየው እንዲህ ያለ ቅየራ በቲ ብሎክ ላይ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት የት እንደሚበላሽና ያ ደካማ የታችኛው ሞተር ስድስት ሰዓት ሙሉ እንዴት ሊችለው እንደቻለ ነው።

የቲ ሞተር ለምን አይተነፍስም

የሲሊንደሩ ስፋት 3¾ ኢንች፣ የፒስተኑ ምት 4 ኢንች፣ ጠቅላላ ይዘቱ 176.7 ኩቢክ ኢንች ነው፤ 2.9 ሊትር። ከዚህ ሁሉ ይዘት የሚወጣው 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፣ ያውም በደቂቃ 1600 ዙር ላይ። ዛሬ የዚህ ሞተር ግማሽ የሚያህል የሞተር ሳይክል ሞተር ብዙ እጥፍ ያወጣል።

ምክንያቱ ቫልቮቹ ያሉበት ቦታ ነው። በቲ ላይ ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጎን ብሎኩ ውስጥ ወደ ላይ ቆመዋል። ድብልቁ ከጎን ገብቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቫልቩን ዞሮ በጠባቡ ጣሪያ ሥር ወደ ጎን ይሻገራል፤ ከዚያ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ሲወጣም ያንኑ ጠመዝማዛ ይመለሳል። ለአራት ሲሊንደር ያሉት የመግቢያ አፎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛውና ሁለተኛው ሲሊንደር አንዱን፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሌላውን ይጋራሉ። የማቃጠያው ክፍል በሲሊንደሩና በቫልቮቹ ላይ ስለተዘረጋ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ ሙቀት ወደ ግድግዳው ይባክናል፣ መጭመቂያ ልኩም፣ ማለትም ድብልቁ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ፣ ከ4 ለ1 ብዙ አይርቅም። በዚህ ላይ የጭስ መተላለፊያዎቹ በብሎኩ ውስጥ ስለሚያልፉ ውሃውን ያፈሉታል።

የካምሻፍቱ አከፋፈትም ለዝግታ የተሰላ ነው። በፎርድ መመሪያ መሠረት የጭስ ቫልቩ ፒስተኑ ልክ ጫፍ ሲደርስ ይዘጋል፤ የመግቢያው ደግሞ ፒስተኑ ከጫፍ 1/16 ኢንች ከወረደ በኋላ ይከፈታል። ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዘንግ፣ በክራንክ ሻፍቱ፣ ዙር ሲሰላ 12 ዲግሪ ያህል መዘግየት ነው። ሁለቱ ቫልቮች አብረው የሚከፈቱባት ቅጽበት የለችም። ሞተሩ በእጅ መዘውር በቀላሉ እንዲነሳና ቀስ ብሎ እንዲጎትት ይህ ግሩም ነው። በፍጥነት ሲዞር ግን ደረቱ ይዘጋል።

ቴስታታው የሚያደርገው

ሐሳቡ ቀላል ነው። የድሮዎቹ ስምንት ቫልቮች ይወጣሉ። ካምሻፍቱና በእሱ የሚገፉት ታፔቶች እዚያው ይቀራሉ። በእያንዳንዱ ታፔት ላይ ረጅም ፑሽ ሮድ ይቆምና የድሮው ቫልቭ በለቀቀው ቀዳዳ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ ሮከሩን፣ እንደ ሚዛን የሚወዛወዘውን ክንድ፣ ይገፋል፤ ሮከሩ በአዲሱ ቴስታታ ውስጥ ከፒስተኑ በላይ የተንጠለጠለውን ቫልቭ ወደ ታች ይጫናል። የብሎኩ የድሮ መግቢያና መውጫ አፎች በብረት ሳህንና በጓርኒሲዮን፣ በሁለት ብረት መካከል በሚገባ ማሸጊያ፣ ይደፈናሉ። ድብልቁም ጭሱም ከእንግዲህ በቴስታታው ነው የሚሄዱት።

ፍሮንቴናክ በዚህ ገበያ ብቻውን አልነበረም። በዊስኮንሲን ግዛት ራሲን ከተማ የእሽቅድምድም ነጂው ጆ ያገርስበርገር ራጆ የተባለውን ይሠራ ነበር፤ ስሙ ከራሲን «ራ»፣ ከጆ «ጆ» ተወስዶ የተገጣጠመ ነው። በኢንዲያና አንደርሰን ደግሞ ሮበርት ሩፍ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አራት፣ በድምሩ 16 ቫልቭ ያለው ቴስታታ አወጣ። የሁሉም ዘዴ ዝርዝሩ ይለያይ እንጂ የብሎኩ ጣጣ አንድ ነው።

ብሎኩ ላይ የሚሠራው ሥራ

ከሁሉ በፊት ብሎኩ ታጥቦ ስንጥቅ ይፈለግበታል። የቲ ብሎክ በብዛት የሚሰነጠቀው ከቫልቭ መቀመጫው ወደ ሲሊንደሩ ባለው ቀጭን ድልድይ ላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «መቀመጫው ከእንግዲህ ሥራ የለውም፣ ስለዚህ የተሰነጠቀ ብሎክ ለዚህ ቅየራ ይሆናል» ይባላል። በከፊል እውነት ነው፤ መቀመጫውን ብቻ የነካ ስንጥቅ አያሰጋም። ያ ቀጭን ድልድይ ግን አሁን ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል። ድሮ ሲሊንደሩና ቫልቮቹ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለነበሩ ድልድዩ ምንም አይዘጋም ነበር። አሁን የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ድሮው ቫልቭ ጉድጓድ እንዳያመልጥ የሚያግደው እሱ ነው። ስንጥቁ ድልድዩን አቋርጦ ሲሊንደሩ ውስጥ ከገባ ጋዙ በእሱ ሾልኮ ወደ ፑሽ ሮዶቹ፣ ከዚያም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ብሎክ ስንጥቁ በብረት ስፌት ይጠገናል፣ አለዚያም በሲሊንደሩ ውስጥ የብረት ሸሚዝ ይገባበታል። ስንጥቁ ወደ ውሃው ክፍል ከደረሰ ደግሞ ክርክር የለውም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የጓርኒሲዮን ስሕተት ነው። የመደበኛው ቲ ጓርኒሲዮን ቀዳዳው ሲሊንደሩንና ሁለቱን ቫልቮች አንድ ላይ የሚያቅፍ የገንዳ ቅርጽ አለው። እሱን በዚህ ቴስታታ ሥር ማስቀመጥ ድልድዩን ያለ ሽፋን መተው ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ ይዞራል፣ ጉልበት ግን የለውም፤ በዘይት መሙያው አፍ በኩል ጭስ ይተፋል። መግጠም ያለበት ለዚያው ቴስታታ ተብሎ የተቆረጠ፣ ለሲሊንደሩ ክብ፣ ለፑሽ ሮዱና ለውሃው ለየብቻ ቀዳዳ ያለው የመዳብ ጓርኒሲዮን ነው። ከመግጠም በፊት ጓርኒሲዮኑን በብሎኩም በቴስታታውም ላይ አስቀምጦ እያንዳንዱ የውሃ ቀዳዳ ከአቻው ጋር መግጠሙን በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

የብሎኩ ፊት ቶርኖ ቤት ገብቶ ይስተካከላል። ቴስታታውን የሚይዙት 15 ብሎኖች 7/16 ኢንች ናቸው፤ ቀዳዳዎቻቸው ደግሞ በመቶ ዓመት ዝገት ከሥር የተሞሉ ናቸው። ብሎኑ ዝገቱን ነክቶ ይቆምና ቁልፉ የጠበቀ ይመስለዋል፤ ቴስታታው ግን ልቅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀዳዳ በጥርስ ማውጫ እስከ ሥሩ ይጸዳል፤ ከዚያ ብሎኑ ያለ ቴስታታ በእጅ እስኪቆም ገብቶ ጥልቀቱ ይለካል። አዲሱ ቴስታታ ከድሮው ስለሚወፍር የድሮዎቹ ብሎኖች አይደርሱም፤ በዳዶ የሚታሰር ዘንግ የተሻለ ነው፣ የብሎኩን ጥርስ አያደክምም። የማጥበቂያ ልኩ 50 ፓውንድ ጫማ፣ ማለትም 68 ኒውተን ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከመሀል ጀምሮ ወደ ዳር በሦስት ዙር ይደረሳል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ይጠበቃል።

መጭመቂያ ልኩን ማስላት

እዚህ ላይ ቲን ከሌሎች ሞተሮች የሚለየው አንድ ቁጥር አለ፤ ሳያውቁት የገቡ ሰዎች ቴስታታ ሰብረዋል፣ ወይም የማይነሳ ሞተር ገጣጥመዋል። የቲ ፒስተን ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ ፊት ጋር እኩል አይሆንም። 5/16 ኢንች፣ 8 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከብሎኩ በላይ ይወጣል። ስለዚህ የቴስታታው ክፍል ፒስተኑን የሚቀበል ጉድጓድ ሊኖረው ይገባል፤ ስሌቱም ይህን መቀነስ አለበት።

የአንዱ ሲሊንደር ይዘት 724 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። መጭመቂያ ልኩ 6 ለ1 እንዲሆን ከተፈለገ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሳለ የሚቀረው ቦታ 724 ለ5 ተካፍሎ 145 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል። ከብሎኩ በላይ የወጣው የፒስተን ክፍል ወደ 57 ይይዛል። 1.6 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ጓርኒሲዮን ወደ 11 ይጨምራል። ስለዚህ ቴስታታው ተገልብጦ፣ በላዩ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መስታወት ተጭኖ፣ በልኬት ቱቦ ነጭ ጋዝ ሲንቆረቆርበት የሚይዘው 191 መሆን አለበት፤ 145 ሲደመር 57፣ ሲቀነስ 11። ቴስታታው ሲከረከም፣ ክፍሉ እንደ ሲሊንደሩ ክብ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 7 ያህል ይቀንሳል። አራቱንም ክፍሎች መለካት ግዴታ ነው፤ የድሮ ቀረጻ አንዱን ከሌላው እኩል አያደርግም። ልዩነቱ ከ2 በላይ ከሆነ ትንሹን ክፍል ፍቆ ማስፋት ይሻላል።

በመደበኛው ክራንክ ሻፍት ከ6 በላይ መሄድ አይመከርም። ዛሬ ያለው ቤንዚን ከዚያ በላይ ይችላል፤ የማይችለው ክራንኩ ነው።

ፑሽ ሮድ፣ ሮከርና ክፍተት

የፑሽ ሮዱ ርዝመት የሚወሰነው ቫልቩ ግማሽ ሲከፈት የሮከሩ ክንድ ለቫልቩ ዘንግ ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ ነው። ረዘም ወይም አጠር ካለ የሮከሩ ጫፍ በቫልቩ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ዘንጉን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ቫልቩ የሚሄድበት ቧንቧ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ሞላላ ይሆናል። ከዚያ ሞተሩ በመግቢያው በኩል ዘይት ይስባል፣ ሰማያዊ ጭስ ይጀምራል፣ ሰውም ፒስተን ቀለበት ይቀይራል። ጥፋቱ ግን ከላይ ነው።

የካምሻፍቱ ከፍታ ሩብ ኢንች ያህል ነው። ሮከሩ 1 ለ1.3 ከሆነ ቫልቩ 0.325 ኢንች ይከፈታል፤ ካምሻፍት ሳይቀየር የሚገኝ ትርፍ ነው። ግን ሞላው ጠንካራ ከሆነ የሮከሩ ብልጫ ጭነቱን ያንኑ ያህል አባዝቶ ታፔቱ ላይ ይመልሰዋል። ቫልቩን በሚፈለገው ዙር ላይ ለመመለስ ከሚበቃው በላይ ጠንካራ ሞላ ማስገባት ካምሻፍቱን መብላት ነው።

በቴስታታው ሠሪ የተሰጠ ክፍተት ካለ እሱ ይያዛል። ከጠፋ፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ለመግቢያው 0.3፣ ለጭሱ 0.4 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። በብርድ ተለክቶ ብቻ መተው የለበትም፤ ብሎኩና ቴስታታው ሞቀው ሲያድጉ ፑሽ ሮዱ እኩል ላይከተላቸው ይችላልና ክፍተቱ ይለወጣል። በብዙዎቹ የዘመኑ ቴስታታዎች ወደ ሮከሮቹ የሚሄድ ዘይት የለም፤ በእጅ ዘይት ማንቆርቆሪያ ይጠጣሉ። ይህን የረሳ ሰው የሮከር ዘንግ ይገዛል።

በመደበኛው ካምሻፍት ቫልቭና ፒስተን የመጋጨት ዕድላቸው አነስተኛ ነው፤ የመግቢያው ቫልቭ የሚከፈተው ፒስተኑ መውረድ ከጀመረ በኋላ ስለሆነ። የእሽቅድምድም ካምሻፍት ሲገባ ግን ሁለቱም ቫልቮች ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሳለ ክፍት ናቸው። ያን ጊዜ በፒስተኑ ላይ ሸክላ ጭቃ ተለጥፎ፣ ቴስታታው ታስሮ፣ ሞተሩ በእጅ ሁለት ዙር ይዞርና የጭቃው ውፍረት ይለካል። ከ2 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም።

የካርቡራተሩ ቁመት

ትንሽ የሚመስል፣ ግን ብዙ ቅየራ ያበላሸ ነገር ነው። በአብዛኛው ቲ ላይ የቤንዚን ታንኩ ከወንበሩ ሥር ነው፤ ቤንዚኑ የሚወርደው በክብደቱ ብቻ ነው። መደበኛው መኪና እንኳ ዳገት ላይ ቤንዚን ሲያጥረው ወደ ኋላ የሚወጣው ለዚህ ነው። ቫልቮቹ ወደ ቴስታታው ሲወጡ የመግቢያ አፎቹም ከፍ ይላሉ። ካርቡራተሩ አብሮ ከፍ ካለ ከታንኩ ጋር ያለው የከፍታ ልዩነት ይጠፋና ሜዳ ላይ ሳይቀር ይደርቃል። ለመንገድ መኪና ካርቡራተሩን ድሮ ቦታው ላይ ትቶ በረጅም ቱቦ ወደ ላይ ማገናኘት ይሻላል፤ ትንሽ ትንፋሽ ያስከፍላል፣ ግን ዳገት ይወጣል። የእሽቅድምድም መኪኖች ታንኩን በአየር ግፊት ይገፉት ነበር።

ከታች ያለው ሞተር

ቴስታታው ጉልበቱን ቢሰጥም የሚቀበለው ክራንክ ሻፍት አሁንም የቲ ነው። ዋና ኩሽኔታዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ በእነሱ ውስጥ የሚዞሩት አንገቶች ውፍረት ደግሞ 1¼ ኢንች ያህል ብቻ ነው። ኩሽኔታዎቹ ባቢት ናቸው፣ ማለትም ቀልጦ በብሎኩ ላይ የፈሰሰ የቆርቆሮ፣ የአንቲሞኒና የመዳብ ቅልቅል።

የኮረምን ሩጫ በቁጥር እንየው። ጎማው 30 ኢንች፣ የዲፈረንሻሉ ልክ 3 ለ1 ነው ብለን ብናሰላ፣ 82.58 ማይል በሰዓት ማለት በደቂቃ 2800 ዙር ገደማ ነው። ስድስት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ በዚያ ዙር አንድ ሚሊዮን ዙር ይሆናል። መደበኛው ሞተር ጉልበቱን የሚጨርሰው በ1600 ነው፤ የፒስተንና የቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኝ ክንድ) ወርዋሪ ኃይል ከዙሩ ጋር በካሬ ስለሚያድግ በ2800 ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በዚህ ስሌት ክራንኩ መሰበር ነበረበት። ብዙዎቹም በእርግጥ ተሰብረዋል፤ የቲ ሰዎች «ሁለት ቁራጭ ክራንክ» እያሉ ይቀልዱበታል።

የ1923ቱን ሩጫ ስንመረምር ችላ የሚባለው ነገር የውድድሩ ደንብ ነው። እስከ 1922 የተፈቀደው ይዘት 183 ኩቢክ ኢንች ነበር፤ የቲ 177 እንዳለ ይገባል። በዚያ ዓመት የሮጡት ሁለት ፍሮንቲ-ፎርዶች 14ኛና 18ኛ ሆኑ። በ1923 ደንቡ ወደ 122 ወረደ፤ ሁለት ሊትር። አንድ ሦስተኛው ይዘት መቀነስ ነበረበት። በወረቀት ሲታይ ለፎርዱ ቅጣት ይመስላል። በክራንኩ ዓይን ሲታይ ግን ምሕረት ነው። የምቱ ርዝመት 4 ኢንች እንዳለ ሲሊንደሩ ብቻ ቢጠብ ስፋቱ 3.11 ኢንች ይሆናል፤ በተመሳሳይ ግፊት በክራንኩ ላይ የሚያርፈው ጭነት በ31 በመቶ ይቀንሳል፣ ፒስተኑም ይቀላል። በተቃራኒው ስፋቱ እንዳለ ምቱ ብቻ ቢያጥር 2.76 ኢንች ይሆናል፤ የፒስተኑ ፍጥነት በዚያው ልክ ይወርዳል። በየትኛውም መንገድ ቢኬድ ቀጭኑ ብረት የሚሸከመው ቀለለ። ተፎካካሪዎቹ ግን ለዚያ ደንብ አዲስ ሞተር ይዘው መጥተው ነበር፤ ፓካርዶቹን ጨምሮ ብዙዎቹ መጨረሻ አልደረሱም። የፎርዱ አምስተኝነት ግማሹ የመጽናት ውጤት ነው።

ዛሬ ሙሉ ይዘቱን ይዞ ቅየራውን የሚሠራ ሰው ይህ ምሕረት የለውም፤ ስለዚህ ከታች ያለውን ራሱ ማጠናከር አለበት። ክራንኩ ስንጥቅ ፈላጊ በሆነ መግነጢሳዊ ምርመራ ያልፋል። ከ1920ዎቹ አጋማሽ በኋላ የወጡት «ኢኢ» ምልክት ያላቸው ክራንኮች ተመራጭ ናቸው። አንዳንዱ የሞዴል ኤ ክራንክ ያስገባል፤ ዋና አንገቶቹ 1⅝ ኢንች ናቸው፣ ምቱም ወደ 4¼ ይረዝማል፣ ግን ብሎኩን ብዙ መቁረጥ ይጠይቃል። በብረት ፒስተን ፋንታ አሉሚኒየም መግባት አለበት፤ አራቱም ፒስተኖችና ቢዬላዎች በ2 ወይም በ3 ግራም ልዩነት ይመዘናሉ።

ክራንክ የሚሰብረው ግን ሁልጊዜ ፍጥነት አይደለም። ቲ ከካምቢዮው ኋላ አራተኛ ኩሽኔታ አለው፤ እሱን የሚይዘው ከቀጭን ላሜራ የተሠራው ኮፓ፣ የሞተሩ የሥር ገንዳ፣ ነው። ኮፓው ከተጣመመ አራተኛው ኩሽኔታ ከሦስቱ መስመር ይወጣል። ያን ጊዜ ክራንኩ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ ይታጠፋል፤ እንደ ሽቦ። በ20 የፈረስ ጉልበት ለዓመታት ይችለዋል። ጉልበቱ እጥፍ ሲሆን አይችለውም። ስለዚህ ኮፓው በማስተካከያ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀና ቴስታታ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ዘይቱ ሌላ ወጥመድ አለው። ቲ የዘይት ፓምፕ የለውም። ከክራንኩ ኋላ በሚዞረው ከባድ ጎማ፣ በፍላይዊሉ፣ ላይ የታሰሩት 16 ማግኔቶች ዘይቱን እየቀዘፉ ወደ ላይ ይረጩታል፤ ከፊሉ በማንቆርቆሪያ አፍ ተይዞ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊት ይሄድና፣ ወደ ኋላ ሲመለስ በቢዬላዎቹ ሥር ያሉትን ገንዳዎች ይሞላል። ብዙ ሰው ሞተሩ ቶሎ እንዲዞር ብሎ፣ ማግኔት ተነቅሎ እንዳይወረወርም ፈርቶ፣ ማግኔቶቹን ያወጣል። ትክክል ነው። ዘይቱን የሚረጨው ግን ማን ሊሆን ነው? በቦታቸው መቅዘፊያ ካልታሰረ ወይም ፓምፕ ካልገባ የፊተኛው ቢዬላ መጀመሪያ ይቀልጣል። ማግኔቶቹ ቢቀሩም ያ ቱቦ ከካምቢዮው የጥጥ ማሰሪያዎች በሚረግፍ ብናኝ ይደፈናል፤ ዳገት ላይም ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ትንሹ መፍትሔ ከውጭ በኩል ሁለተኛ ወፍራም ቱቦ መዘርጋት ነው።

ውሃ፣ እሳትና ፍሬን

የጭስ መተላለፊያው ከብሎኩ ስለወጣ ብሎኩ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቱ ግን ወደ ቴስታታው ተዛውሯል። በመደበኛው ቲ ውሃው የሚዞረው የሞቀው እየቀለለ ስለሚወጣ ብቻ ነው፤ ደረጃው ከላይኛው ቱቦ በታች ከወረደ ዝውውሩ ይቆማል። ከዚህ ቅየራ ጋር የውሃ ፓምፕ ይግባ።

ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጡት አራቱ ባለ እንጨት ሳጥን ኮይሎች እስኪርገበገቡ ይዘገያሉ፤ አንዱ ከሌላውም ይለያል። በ2800 ዙር የአንድ ሚሊ ሰከንድ መዘግየት 17 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ዲስትሪቢውተር ወይም ባለ ከፍተኛ ቮልት ማግኔቶ ይገጠማል፤ የካንዴላ ሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ያው የቲ 1-2-4-3 ነው። አዲሱ ክፍል ጠበብ ያለ ስለሆነ እሳቱ ቶሎ ይዳረሳል፤ ድሮ የለመዱትን ያህል ብልጭታውን ማስቀደም ፒስተን ያስመታል።

ለመንገድ መኪና ፍሬኑ ከቴስታታው በፊት ነው የሚሠራው። የቲ የእግር ፍሬን የሚይዘው ካምቢዮው ውስጥ ያለውን ከበሮ እንጂ ጎማውን አይደለም፤ የዲፈረንሻል ዘንግ ከተሰበረ ፍሬን የለም። በኋላ ጎማዎች ላይ ከውጭ የሚጨብጥ ፍሬን ሳይጨመር ጉልበት አይጨመርም።

በ1924 ባርበር-ዋርኖክ ሦስት ፎርዶች ይዞ ተመለሰ። ሄንሪ ፎርድ በክብር ዳኝነት ተገኝቶ ነበር። ቢል ሀንት 14ኛ፣ አልፍሬድ ሞስ 16ኛ፣ ፍሬድ ሃርደር 17ኛ ሆኑ፤ 200ውን ዙር የጨረሰ አንድም የለም። አልፍሬድ ሞስ ኋላ የዝነኛው የስተርሊንግ ሞስ አባት የሆነው ነው። ያን ዓመት በአሸናፊነት ከተመዘገቡት ሁለት ነጂዎች አንዱ ኤል. ኤል. ኮረም ነበር፤ ከጆ ቦየር ጋር ተቀባብለው የነዱት ግን አየር በግፊት የሚያስገባ ዱዘንበርግ ነበር፣ አማካዩም በሰዓት 98.23 ማይል።